ሦስተኛው እምቢታ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሰኞ ማለዳ ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ፋይሉን ይመልሳል። ኮምፒውተሩን ሁሉ የሚያድሰው አፕዴት የሚገባው ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ በትክክል መቼ እንደሚገባ ግን የሚያውቅ የለም። ከገባ በኋላ እያንዳንዱ ፋይል ባለቤቱ በመረጠው ፕሮግራም መከፈቱን ትቶ አፕዴቱ በመረጠለት ይከፈታል። ስለዚህ ሁሉም ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብሎ ፎቶውን ወደ ፎቶ ማሳያ፣ ደብዳቤውን ወደ ጽሑፍ ማንበቢያ፣ ድምፁን ወደ ማጫወቻ አንድ በአንድ ይመልሳል። ሲጨርስ "ሁልጊዜ በዚህ ክፈት" የሚለውን ይነካል። "ሁልጊዜ" ማለት እስከሚቀጥለው ሰኞ ነው። ይህን የማያውቅ የለም፤ የማይነካውም የለም።

ሃሴት እባላለሁ። ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሠላሳ አራቱን ዓመት በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኜ ነው የፈጀሁት፤ ኮምፒውተር ለእኔ ባዕድ አይደለም። ይህን የምናገረው ለጉራ ብዬ አይደለም። የሆነውን ሁሉ ስትሰሙ "አሮጊት ስለሆነች ነው፣ ሳታውቀው ነክታው ነው" እንዳትሉኝ ነው። እንደዚያ ብለውኛል፤ በጣም የተማሩ ሰዎች ናቸው ያሉኝ።

ፋይሉን ያልመለሰ ሰው ምን እንደሚደርስበት የሰፈራችንን ዕድር ጠይቁ። አምና ጸሐፊያችን አንድ ሰኞ አሟቸው ቀሩና፣ የአባላቱ ዝርዝር በግብዣ አዘጋጅ ተከፈተ። ለሰባት ሟቾች የሰርግ ጥሪ ወጣ። ከሁለቱ "በደስታ እንገኛለን" የሚል መልስ መጣ። ሰፈሩ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቀ፤ የሁለቱ ሟቾች ልጆች ግን አልሳቁም።

ከሁሉም የከፋው ለዛ ነው። ለዛ የድምፅ ፋይል የሚከፍት ፕሮግራም ነው። ሲከፍት ያሳምራል። ሳሉን ይጠርጋል፣ ለቅሶውን ያበርዳል፣ እርግማኑን ወደ ምርቃት ይመልሳል። ሰውየው በገዛ ድምፁ ያላለውን ጨዋ ነገር ሲናገር ይሰማል። አንዴ በለዛ የተከፈተ ፋይል ወደነበረበት አይመለስም። ኮፒ ብታበዙ ኮፒዎቹ ከዋናው ጋር አብረው ይታደሳሉ። ኮምፒውተሩን ከመስመር ነቅላችሁ ብትደብቁት፣ ሳምንት ሳይታደስ ከቆየ አይነሳም። ይህን ሁሉ ሞክሬ ነው የምነግራችሁ።

ለዛ ታዲያ ያለ ፈቃድ አይከፍትም። ሕግ አለው። ሕጉን ያወጡት የአገሩን ባህል አስጠንተው ነው አሉ። አጥኚዎቹ ያገኙት ምን መሰላችሁ? የእኛ አገር ሰው ሲጋበዝ መጀመሪያ "አይ፣ በቃኝ" ይላል፤ ሁለተኛም ይላል፤ ይህ ይሉኝታ እንጂ እምቢታ አይደለም የሚል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው "አይ" አይቆጠርም፤ ሁለተኛውም አይቆጠርም። የሚቆጠረው ሦስተኛው ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ለዛ "ኧረ በሞቴ" እያለ ይለምናል። የማይሞት ነገር በሞቴ ይላል። ደግሞ የሚያወራው እንደ ወሎ ልጅ ነው፤ ሳታዩት ብትሰሙት ጎረቤት መጣ ብላችሁ ወንበር ታቀርቡለታላችሁ።

እኔ ስድሳ ሦስት ሰኞ፣ በየሰኞው ሦስት ሦስት ጊዜ፣ እምቢ ብዬዋለሁ። ለአንድ ፋይል ስል ነው።

ፋይሉ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። የታናሽ እህቴ የአርሴማ ድምፅ ነው። አርሴማ ባትሪ ፋብሪካ ውስጥ፣ ማድረቂያ ክፍል ትሠራ ነበር። አምና መጋቢት መጨረሻ ላይ ክፍሉ ውስጥ ጭስ ሲነሳ በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር። ሦስት ሰዎች እዚያው ቀሩ። አርሴማ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛች። በስድስተኛው ቀን ስልኳን አስያዘችኝና ተናገረች።

"በሩን የቆለፈው ናሆም ነው" ትላለች። ናሆም የፈረቃው ኃላፊ ነው። "ቁልፉ ሲዞር ሰምቻለሁ። የዕቃው ቆጠራ ሳያልቅ ማንም አይወጣም አለ። ጮህን። በሩን ደበደብን። ሰምቶናል። ሰምቶን ነው ትቶን የሄደው።" ከዚያ ታስላለች። አርባ ሰከንድ ታስላለች። ሳሉ ሲተዋት "ይህን እማዬን እንዳታሰሟት" ትላለች።

ናሆም በሩ በሙቀት ተጣብቆ ነው ይላል። ከውስጥ የነበሩት ሞተዋል፤ ከውጭ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ለችሎቱ ያለን ማስረጃ ያ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ቀጠሮው ለዘንድሮ ሰኔ ሲቆረጥልን፣ እስከዚያ ድረስ ፋይሉን ከሰኞ ወደ ሰኞ ማሻገር የእኔ ሥራ ሆነ።

መጀመሪያ ወደ ሁዘይፋ ሄጄ ነበር። ሁዘይፋ ከመናኸሪያው ጀርባ "ፋይል እንመልሳለን" የሚል ታፔላ ሰቅሎ የሚሠራ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። የፋይሉን ዓይነት ለውጦ ለዛ የማያውቀው ነገር አደረገልኝ። ሦስት ሰኞ ሠራ፤ ለዛ መለመኑን ባይተውም ሊከፍተው አልቻለም። በአራተኛው ለዛ "ይህንንም ዓይነት መክፈት ጀምሬያለሁ" ብሎ መጣ።

"ቋሚ መፍትሔ የለውም እንዴ?" አልኩት።

"እትዬ ሃሴት፣ ቋሚው ሞት ብቻ ነው" አለኝ። "እሱንም ሰሞኑን እያደሱት ነው። በእጅዎ ይመልሱ። ሦስተኛውን እምቢታ ብቻ እንዳይረሱ።"

አልረሳሁም። በየሰኞው ከመለስኩ በኋላ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ አንዴ እሰማዋለሁ። ሳሉን ጭምር በቃሌ አውቀዋለሁ።

እናቴን አላሰማኋትም። እናቴ ፍሬሕይወት ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ከእኔ ይበልጣል። እኔ ፋይሉን ስሰማ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ በር ዘግቼ ነው። እሷ ከበሩ ውጭ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ስወጣ "ምን አለች?" ትለኛለች። "ያው ነው እማዬ" እላታለሁ። ይህም ስድሳ ሦስት ጊዜ ሆኗል።

ስለ እናቴ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ሰው ቤት ገብታ ሁለት ጊዜ እምቢ ሳትል እህል ቀምሳ አታውቅም። ሦስተኛውን ደግሞ እምቢ ብላ አታውቅም። "ሦስቴ በሞቴ ያለሽን ከገፋሽ፣ ምግቡን ሳይሆን ሰውየውን ነው የገፋሽው" ትለን ነበር ልጆች ሳለን። ጠግባ እንኳ ከሆነ "እሺ፣ ትንሽ" ብላ አንድ ጉርሻ ትቀበላለች። አርሴማም እንደሷ ነበረች። እኔ ግን የቀበሌ ሠራተኛ ነኝ፤ ሰው ፊት እምቢ ማለት እንጀራዬ ነበር።

ስድሳ አራተኛው ሰኞ መጣ። ችሎቱ ረቡዕ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ከመዝገብ ቤት መልእክት ገባ፤ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል በአካል ቀርቤ በጣት አሻራ ካላረጋገጥኩ መዝገቡ ይዘጋል ይላል። እስከ አንድ ሰዓት አፕዴቱን ጠበቅኩት። አልገባም። ሰኞ ዕለት ኮምፒውተር አይጠፋም፤ የቤቱን ሰው ድምፅ ሁሉ ስለሚያውቅም አይቆለፍም።

"እማዬ፣ ይህን ነገር እንዳትነኪው" አልኳት። "ማንም ቢያናግርሽ እንዳትመልሺ።"

"ሂጂ፣ እኔ ምን አደርገዋለሁ?" አለችኝ።

መዝገብ ቤት ውስጥ ሰው የለም። ጣት የሚቀመጥበት መስታወት አለ። አስቀመጥኩ። "ስለመጡ እናመሰግናለን" አለኝ። ያስጠራኝ ይኸው ነው። ታክሲ አጥቼ በእግሬ ተመለስኩ።

እናቴ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብላ አገኘኋት። ጉንጯ እርጥብ ነው፤ ግን ፈገግ ብላለች። አርሴማ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ፈገግ ስትል አይቻት አላውቅም። 

"ሰማኋት" አለችኝ።

"ምን አደረግሽ እማዬ?"

"ረቡዕ ባዕድ ሁሉ ሊሰማት ነው። የወለድኳት እኔ ሳልሰማት? አላስቻለኝም፤ አሰማኝ አልኩት።" ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አነሳች። "ደግሞ ለምንድነው የደበቅሽኝ? ልጄ ደህና ናት እኮ። አልተጨነቀችም። አንዲት ቀን እንኳ አላመመኝም ነው ያለችው። ምናለ ይህን ቀድመሽ ብታሰሚኝ?"

ከፈትኩት። የእህቴ ድምፅ ነው፤ ስድሳ ሦስት ጊዜ የሰማሁት ድምፅ። "እማዬ፣ ሰላም ነኝ። ምንም አላመመኝም። አቶ ናሆም በሩን የዘጉት ለእኛው ደኅንነት ብለው ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ማንንም አልቀየምኩም።" ሳሉ የለም። አርባው ሰከንድ የለም። አሥራ አንዱ ደቂቃ ሦስት ሆኗል፤ ከጀርባ ቀስ ያለ ክራር አለ።

የፈቃዱን መዝገብ አየሁት። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት፦ "አይ የኔ ልጅ፣ እንዲሁ ይበቃኛል።" አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት፦ "ተው፣ አትቸገር።" አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሦስት፦ "እሺ፣ ትንሽ።"

ለዛ ትንሽ አያውቅም።

ያኔ የተናገርኩትን አልደብቅም። "ሁለተኛ ጊዜ ገደልሻት" አልኳት እናቴን። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ አልኳት። ከዚያ እፊቷ ቆሜ እውነተኛውን ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሌ አልኩላት። ቁልፉን፣ ጩኸቱን፣ ሰምቶ መሄዱን። ሳሉንም አሳልኩት። "እማዬን እንዳታሰሟት" የሚለው ላይ ስደርስ አላቆምኩም፤ እሱንም አልኩት።

ፈገግታዋ እንዴት እንደሄደ መናገር አልፈልግም። 

"ሁለቴ እምቢ ብዬው ነበር እኮ" አለች። "ሦስተኛ በሞቴ ሲለኝ አፈርኩ። ትንሽ ብቻ ነው ያልኩት።"

ከሰዓት በኋላ ሁዘይፋን ጠራሁት። መጣ፣ አየ፣ መነጽሩን አወለቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። "የፈሰሰ ውሃ ነው እትዬ" አለኝ። ለእናቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ወጣ።

ረቡዕ ችሎት ቀረብን። ዳኛዋ ወጣት ናቸው፤ ድካም አለባቸው። ፋይሉ ተከፈተ። አዳራሹ ውስጥ የአርሴማ ድምፅ ከነክራሩ ናሆምን መረቀ። ናሆም ከፊታችን ረድፍ ላይ ነበር። ድምፁ ሲጀምር ትከሻው ተወጥሮ ነበር፤ ሲጨርስ ቀስ ብሎ ወረደ። ምን ሊሰማ ጠብቆ እንደነበር እሱ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።

ተነሳሁ። "ክብርት ዳኛ፣ ያ የእህቴ ቃል አይደለም።"

"ድምፁ የእህትዎ አይደለም?"

"ድምፁ የሷ ነው። የተናገረችው ግን ይህን አይደለም።"

ስክሪኑን አዩ። "በእናትየው ፈቃድ ነው የተከፈተው። ሰኞ፣ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሦስት።"

"እውነተኛውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ልበልልዎት።"

"ችሎቱ የሚሰማው ፋይሉን ነው" አሉኝ። የከፋ ሰው አልመሰሉኝም። እሳቸውም ሰኞ ሰኞ ፋይላቸውን የሚመልሱ ይመስለኛል።

ከዚያ ውሳኔውን ተናገሩ። ሟች ይቅር ብላለች። ስለዚህ የቀረው የእናት ቃል ነው፤ ተከሳሹ እንደ አገሩ ልማድ እናትን ይቅርታ ይጠይቃል። እናት ይቅር ካሉ መዝገቡ ይዘጋል፤ እምቢ ካሉ ክሱ ይቀጥላል። ይህን ስሰማ እናቴን አየኋት።  ሦስት ጊዜ የለመናትን ሰው የማትገፋ ሴት ናት።

ናሆም መጥቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ። ትልቅ ሰው ነው፤ የሁለት ልጆች አባት ነው። ጉልበቷን ያዘ።

"እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"አይሆንም" አለች እናቴ።

"ስለ ልጆቼ ብለው። በሞቴ።"

"አይሆንም ልጄ።"

 ትልልቆቹ ሴቶች ሁሉ ሦስተኛውን ሲጠብቁ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ናሆም ግንባሩን ጫማዋ ላይ አደረገ።

"በአርሴማ ሞት" አለ።

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሰማንያ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ ብላው የማታውቀው ቃል ነው፤ አንድ ነገር ከሥጋዋ እየነቀለች ነው የሚመስለው። እጄን ያዘች፣ አጥንቴ እስኪያመኝ ጨበጠችኝ።

"እምቢ" አለች። "ሰምተሃት ነው የሄድከው። እምቢ።"

ሁሉም ሰማ። ዳኛዋም ሰሙ፤ አንገታቸውን ነቀነቁ። መቅጃው ሰማ። ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ክንዴን ይዛ ሄደች። "ከፋኝ" አለችኝ መንገድ ላይ። "ሰውየው እግሬ ሥር ነበር እኮ።" ትንሽ ሄደን፣ "ግን ልክ ነው አይደል?" አለችኝ። "ልክ ነው እማዬ" አልኳት። ሰኞ ያልኳትን ይቅር ትለኝ እንደሆነ ልጠይቃት ፈለግኩና አፈርኩ።

የችሎቱ ድምፅ የተቀዳው ረቡዕ ነው። መዝገቡ የተጻፈው በሚቀጥለው ሰኞ፣ አፕዴቱ ከገባ በኋላ ነው። ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት ውስጥ ሦስት ጊዜ እምቢ የሚል ሰው አልነበረም፤ መስታወቱ ብቻ ነው ያለው፤ መስታወቱ ደግሞ ለዛ ሲለምነው ከ"እናመሰግናለን" ሌላ መልስ አያውቅም።

መዝገቡ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሰኝ። እንዲህ ይላል፦ "የሟች እናት ወ/ሮ ፍሬሕይወት እንደ አገሩ ወግ በመጀመሪያ ቢያንገራግሩም፣ ተከሳሹ በሟች ስም ሲለምናቸው በእናትነት አንጀት ይቅር ብለውታል። መዝገቡ ተዘግቷል።" ድምፁም ተያይዟል። ከፈትኩት። "እሺ ልጄ፣ ይቅር ብዬሃለሁ" ትላለች እናቴ፤ ድምፁ የራሷ ነው፣ ትንሽ እንኳ አይንቀጠቀጥም።

ይግባኝ የሚል ቁልፍ ከሥር አለ። ነካሁት። "እርቅ ይግባኝ አይባልበትም" አለኝ። ዕቃ ላነሳ ከወንበሬ ተነሳሁና ምን ላነሳ እንደነበር ጠፋብኝ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

እናቴ እንደ ልማዷ ከበሩ ውጭ ቁጭ ብላ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲጮህ ሰምታዋለች።

"መጣ?" አለችኝ። "ምን ይላል?"

በሩ ላይ ቆምኩ። ወደ እኔ ቀና ብላ፣ በደከሙት ዓይኖቿ ፊቴን ስትፈልግ አየኋት።

"ሦስቴ እምቢ ብለዋል ይላል" አልኳት።

"ሦስቴም ጽፈውታል?"

"ሦስቴም።"

"ክሱስ?"

"ይቀጥላል እማዬ።"

"ተመስገን" አለች። ትከሻዋ ወረደ። "እንግዲህ አርሴማም ትሰማዋለች።"

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ለዛም ከዚህ የተሻለ አያሳምረውም ነበር። ከዚያ ተመልሼ ገባሁ፤ ፊቴን ሳልታጠብ የቀሩትን ፋይሎች መመለስ ጀመርኩ።